የዘሜራ ቀኝ እጅ

ሰባት ወንዞች በሚያገሱበት በሰንዳፋር አምባ፣ ከቤተ ፈውስ ደጅ የሚፈልቀው ምንጭ አንድ ማለዳ ደም መስሎ ወረደ። ፈዋሾቹ ደንግጠው ወደ ውስጥ ቢሮጡ የእንባ ዕንቁ ከመንበሩ ጠፍቷል። ያን ዕንቁ የነካ ፈዋሽ የሕመምተኛውን ሥቃይ በገዛ አካሉ ይሰማው ነበር።

የሰረቀው ኦርማት ነው፤ ቅናት ከሩቅ የሚሸተው የድንጋይ ነብር። ሽታውን ደግሞ ያገኘው በንጉሥ አስማሮን ሳቢያ ነበር። ንጉሡ ቤተ ፈውሱ እንዲሻሻል ብሎ ከሁሉ ለሚበልጠው ፈዋሽ ሽልማት የሚሆን የወርቅ ድሪ ሰቀለ። መጀመሪያ ሁሉም ተጋ፤ ወለሉ ተጠረገ፣ ፋሻው ተቀቀለ። ውሎ ሲያድር ግን ጥረቱ ለንጉሡ ዓይን ብቻ ሆነ፤ ባልደረባ ባልደረባውን መጠየቅ ተወ፤ መጠየቅ ማነስን ማመን ነበርና።

ከሁሉ ይልቅ የከፋው ሐርዳን ነበር። ከእሱ ክፍል አራሶች በትኩሳት እየነደዱ በቃሬዛ ሲወጡ፣ ከባልደረባው ከዘሜራ ክፍል ግን ሕፃናቸውን ታቅፈው በእግራቸው ይወጣሉ። ምስጢሯን ቢጠይቃት ትነግረው ነበር። እሱ ግን እሷን ከመጠየቅ ሞቱን ይመርጥ ነበር።

ንጉሡ ዕንቁውን እንዲያመጡ ሁለቱንም ላካቸው። ሐርዳን በአደባባይ «ዕንቁውን ሳልይዝ ብመለስ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ!» ብሎ ማለ።

በየመንደሩ ሕዝቡ የሚጠራው የዘሜራን ስም ነበር። ሴቶች እግሯ ላይ እየወደቁ ሲመርቋት ሐርዳን ፊቱን አዞረ፤ ያጎረሱት ምግብ ሁሉ እሬት ሆነበት። ከነብሩ ዋሻ አጠገብ በደረሱ ጊዜ ክብሩን ላለመካፈል ሲል፣ እሷ ሳትነቃ ማልዶ ብቻውን ገባ።

ኦርማት ከሩቅ አሽትቶት ኖሮ ዘሎ ተከመረበት። መንጋጋው ሊዘጋ ሲል ዘሜራ ደርሳ ቀኝ እጇን በአፉ ውስጥ ሰነቀረች። ሐርዳን በዋሻው ጥግ ወደሚያበራው ዕንቁ ተንፏቆ ጨበጠው። በዚያች ቅጽበት የእሷ አጥንት በእሱ ክንድ ውስጥ ተሰበረ፤ ጣቶቿ ወደ ድንጋይ ሲለወጡ ቅዝቃዜው ልቡ ድረስ ዘለቀ፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቅናቱ ለአፍታ ከላዩ ተገፈፈ። የሚያሸተው ሲያጣ ነብሩ ባለበት ተፈረካክሶ ጠጠር ሆነ። የዘሜራ እጅ ግን ድንጋይ እንደሆነ ቀረ።

ቁልቁለቱን ደግፏት ሲወርድ «ለምን መጣሽ?» አላት።

«በአንተ ክፍልም አራሶች አሉ። አንተ ብትሞት ማን ያያቸዋል?»

ሐርዳን የከበደውን ክንዷን በነጠላው አንጠልጥሎ አሰረላት። በመጨረሻ በለሆሳስ «እንዴት አድርገሽ ነው የምታድኛቸው?» አለ።

ሕመሟን ረስታ ፈገግ አለች። «ይህን ለመጠየቅ ተራራ መውጣት ነበረብህ?» አለችና፣ ከአንዷ አራስ ወደ ሌላዋ ከመሄዷ በፊት እጇን በእንዶድና ፈልቶ በበረደ ውሃ ትታጠብ እንደነበር ነገረችው።

ዕንቁው ወደ መንበሩ ተመልሶ ምንጩ ሲጠራ፣ ንጉሡ ላመጣው ለሐርዳን ድሪውን ሊያጠልቅለት ተነሣ፤ ሐርዳን ግን ተንበረከከ። ዕድሜውን ሙሉ የተመኘው ወርቅ ነበርና ዓይኑን ከድሪው ሳያነሣ ተናገረ። «ጃንሆይ፣ ይህ በአንገቴ ከዋለ ነገ ባልደረባዬ የሚያውቀውን አይነግረኝም፤ እኔም አልጠይቀውም። በእኛ ዝምታ መካከል እናቶች ይሞታሉ።» ንጉሡ ብዙ አሰበና ወርቁን ወደ ግምጃ ቤት መለሰው።

ከዚያ ወዲህ ፈዋሾቹ በየማለዳው ተሰብስበው ማን እንደሞተባቸውና ለምን እንደሞተ፣ ሳይወነጃጀሉ ይነጋገሩ ጀመር። ዘሜራ ማከም ባትችልም ከመካከላቸው ተቀምጣ ታስተምር ነበር። ከዓመታት በኋላ የዕንቁው ብርሃን ጠፋ፤ ከተማው ያወቀው ግን ዘግይቶ ነው፤ ምክንያቱም በቤተ ፈውሱ የተለወጠ ነገር አልነበረም።

በሰንዳፋር ሴት ልጅ የወለደች እናት ሁሉ ልጇን ዘሜራ ትላለች። ሐርዳን በገዛ እጁ ያዋለዳት እንኳ እንዲሁ ስትል ያ የድሮው ቅናት ደረቱን ይወጋዋል። ያን ጊዜ እጁን ይታጠብና፣ ያልገባውን ሊጠይቅ ወደ ዘሜራ ይሄዳል።