ከመርዶ በፊት ባሕር

በስደት አገር፣ ካትሌሆንግ በተባለ ሰፈር ውስጥ፣ ከታክሲዎቹ መቆሚያ ፊት ለፊት ባለች ስፓዛ በምትባል ትንሽ የሰፈር ሱቅ፣ ሙደሲርና ሚስቱ ሰሊማ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዓለምን ያዩት በብረት ፍርግርግ በኩል ነበር። ዳቦው በፍርግርጉ ይወጣል፣ ሳንቲሙ በፍርግርጉ ይገባል፤ የደንበኛው «ሳውቦና ማማ!» የሚል ሰላምታ እንኳን ተቆራርጦ ነው የሚደርሳቸው። የተጣሉትም የታረቁትም እዚያው ነው። አንዲት ልጃቸውን ሙርሺዳንም በዱቄት ከረጢት ላይ እያስተኙ ያሳደጓት እዚያው ነው። ከተጣሉም የሚጣሉት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በስኳር! ሙደሲር የስኳር ሕመም እንዳለበት ከታወቀ ዐሥር ዓመት ሆኖታል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሰሊማ የቤቱን የስኳር ጣሳ እንደ ወርቅ ደብቃ ነው የምትኖረው። «መደርደሪያው ሙሉ ስኳር እያለው ሻዩን ባዶ የሚጠጣ ነጋዴ አይተሽ ታውቂያለሽ?» ይላታል። «ጀነት ስትገባ ትጠግበዋለህ!» ትለዋለች። አይ አፍ! ሰው የሚመጣውን ቢያውቅ ስንቱን ቃል መልሶ በዋጠው ነበር!

መከራው የጀመረው በሆድ ሕመም ነው። ሙደሲር ከሳ፤ ቀበቶው ላይ በሚስማር ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳ። ጀርሚስተን ከተማ የሚሠራው ሐኪም የአገር ልጅ ነበርና እንደ አገሩ ልማድ አደረገ፤ በሽተኛውን ኮሪደር ላይ አስቀምጦ ሚስቱን ለብቻዋ አስገባት። ካንሰር ነው፣ ጉበቱን ጨርሶታል፣ ከእንግዲህ ያለው ዕድሜ በወራት የሚቆጠር ነው አላት። ሰሊማ ምን ታድርግ? ጮኻ ትውጣ? ፀጉሯን ትንጭ? ሻሿን አስተካከለች፣ ፊቷን በመዳፏ ጠረገች፣ ወጣችና «ጨጓራ ነው አለኝ፤ ቀላል ነው» አለችው። ሙደሲርም «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ለሙርሺዳ እንኳን ሳትተነፍስ ሁለት ወር ቆየች። የሚያውቀው አላህና ትራሷ ብቻ ነበሩ።

ፋርማሲ ውስጥ ሥራ የጀመረችው ሙርሺዳ አንድ ቀን ሦስት ትኬት ይዛ ስትመጣ ለሰሊማ ነገሩ ከሰማይ የወረደ መሰላት። ከደርባን ወደብ በትልቅ መርከብ ተነሥተው፣ አንድ ቀን ደሴት ላይ ውለው የሚመለሱበት ጉዞ ነው። በደህናው ጊዜ ቢሆን ሰሊማ «ሱቁን ማን ሊከፍተው?» ብላ ቤቱን በጩኸት ትሞላው ነበር። አሁን ግን ወዲያው እሺ አለች። አንድ ቀን! ባሏ ሞቱን ሳያውቅ፣ ሳይሳቀቅ፣ ደስ ብሎት የሚውልበት አንዲት ቀን ብቻ እንጂ ከዓለም ሌላ ምን ቀራት?

ደግሞም የእናቷ ነገር ነበረባት። ወራቤ አጠገብ በምትገኝ መንደር ከተለያዩ ጀምሮ ከእናቷ ጋር የሚገናኙት በስልክ ብቻ ነው። ወረቀቱ አልቆ የመኖሪያ ፈቃድ ከተገኘ ወዲህ «ለአረፋ እንመጣለን» ተብሎ ነበር፤ የሙደሲር ሕመም አስቀረው። አሮጊቷ በስልክ በተገናኙ ቁጥር አንድ ጥያቄ አላቸው፤ «አገሩ ባሕር አለው ይባላል። ለመሆኑ ስንት ወንዝ ያህላል?» ሰሊማ ትስቃለች። «እኔስ መች አየሁት፣ እማ? ከእኛ ሰፈር ሩቅ ነው።» «እንግዲያውስ ያየሽው ቀን አሳዪኝ» ይሏታል። መርከብ ላይ እንደምትወጣ የሰማች ዕለት መጀመሪያ ያሰበችው ይህንን ነበር፤ በቪዲዮ ደውላ ባሕሩን ለእናቷ ታሳያለች።

ቅዳሜ ጠዋት መርከቡ ራቅ ብሎ ቆመና ትናንሽ ጀልባዎች ተሳፋሪውን ወደ ደሴቲቱ ያወርዱት ጀመር። ሰሊማ ከጀልባው ስትወርድ ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ነካትና «ውይ!» አለች። ለብ ያለ ነው! ለሕፃን ገላ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። ከዚያ ቀና ብላ አየች። ከዳር ያለው ውሃ ከሥሩ የተኛው አሸዋ እስኪቆጠር ድረስ የጠራ ነው፤ አለፍ ሲል አረንጓዴ፣ ወዲያ ሲል ሰማያዊ፣ ከዚያም ወዲያ ባሕሩ የት አልቆ ሰማዩ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። ዳር የለው፣ ግድግዳ የለው! ይህን ሁሉ ውሃ ማን ነው ያለ ግድብ ያቆመው? ይህ ሁሉ በዚህች ምድር ላይ ተዘርግቶ ሳለ እሷ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ምን ስታይ ኖረች? «ሱብሐነላህ...» አለች፤ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ሙደሲር ከጎኗ ቆሞ እጁን ወደፊት ዘርግቶ አየሩን ይዳስሳል።

«ምን ጠፋህ?» አለችው።

«ፍርግርጉ» አላት እየሳቀ።

ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ እንዲህ ሲስቅ አላየችውም። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ማዕበሉን እንደ ልጅ ሲያባርር፣ ማዕበሉም መልሶ ሲያባርረው፣ ሰሊማ እየሳቀች እንባዋን ትጠርግ ነበር። ከዛፎቹ ጥላ ሥር የመርከቡ አስተናጋጆች ኬክ ደርድረዋል። ሙደሲር ክሬም የተጫነበትን ሁለት ቁራጭ አንሥቶ መጣ። ሰሊማ አየችው። «ብላ፣ ብላ» አለችው። እሱም ማንኪያውን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ ፊቷን ሲመለከት ቆየና በላ።

«ሙርሺዳ፣ ስልኬን አምጪ፤ እማን ላሳያት» አለች ሰሊማ። ስልኩ ከመርከቡ ጀምሮ በልጅቷ ቦርሳ ውስጥ ነበር።

«ማማ፣ ሲግናል የለም። ሲሪየስሊ፣ ምንም የለም» አለች ሙርሺዳ ዓይኗን አሸዋው ላይ ጥላ። ከጀርባዋ ግን አንዲት የደርባን ሴት ከልጅ ልጆቿ ጋር በቪዲዮ ትንጫጫለች። ሰሊማ ሳቀች፣ ቦርሳውን ራሷ ከፈተች፣ ስልኩን ይዛ ወደ አሸዋው ጉብታ ሮጠች። እማ ባሕሩን ልታይ ነው! መስመሩ ይያዝ እንደሆነ ብላ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሣችው። በሩቅ አገር፣ ማንም በማያነሣው ስልክ ላይ ጥሪው መጮኽ ጀመረ...

ሙደሲር ያን ማየት አልቻለም። ትንፋሽ እያጠረው፣ በእጁ እየቧጠጠ ጉብታውን ወጣ።

«ሰሊ... ስልኩን አስቀምጪው።»

«ቆይ እንጂ፣ እየጠራ ነው!»

«አስቀምጪው፣ እናቴ። የሚያነሣው የለም። እማ... ረቡዕ አረፉ።»

መርዶ እንዲህ አይነገርም። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚይዙ እጆች ግራና ቀኝ ቆመው ነው የሚነገረው። የሙደሲር ታላቅ ወንድም ሐጂ ዩሱፍና ሽማግሌዎቹም የቆረጡት እንዲያ ነበር፤ ለጉዞው ሁለት ቀን ቀርቶት ስለነበር ሄዳ ትምጣ፣ ማክሰኞ ሲነጋ ቤቷ መጥተን እንነግራታለን ብለው። ሙደሲርም ሚስቱ ከሐዘኗ በፊት አንዲት ቀን ባሕር ትይ ብሎ ነበር የተስማማው። ሰሊማ መጀመሪያ ስልኩን አየች፤ ከዚያ ባሕሩን፤ ከዚያ አሸዋውን በሁለት እጇ እየደበደበች «ሳላሳያት! እማዬን ሳላሳያት!» እያለች ተንፈራፈረች።

«ሦስት ቀን!» አለችው ደረቱን ይዛ። «ሦስት ቀን ስስቅ እያየህ! እንዴት አስቻለህ? እንዴት ደበቅኸኝ?»

ሙደሲር እጇን ያዘ። «አንቺስ?» አላት።

«እኔ ምን ደበቅሁህ?»

«ስኳር መከልከል ከተውሽ ሁለት ወር ሆነሽ፣ ሰሊ።»

ሙደሲር ቀጠለ። «ከሐኪሙ በወጣን ማግሥት ሻዬ ላይ ሦስት ማንኪያ ጨመርሽ። ዐሥር ዓመት የተጣላሽኝ ሴት! አንድ ቀን ትቆጪኝ ይሆናል ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ... ዛሬ እንኳ ኬኩን ሁለት አድርጌ ያነሣሁት ለዚያ ነበር። ብትቆጪኝ ኖሮ እድናለሁ ብዬ አምን ነበር።»

ምን ይባላል? እሷ ሞቱን ሳያውቅ አንድ ቀን ይደሰት ብላ መጣች፤ እሱ የእናቷን ሞት ሳታውቅ አንድ ቀን ትደሰት ብሎ መጣ። ሁለቱም በሆዳቸው ሬሳ ይዘው ሲሳሳቁ ሰነበቱ! ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ከኋላቸው አንድ ነገር ወደቀ። ሙርሺዳ ነበረች። ልታጠጣቸው ያመጣችው የኮኮናት ውሃ አሸዋው ላይ ፈሷል። የአያቷን ሞት አብራ ስትደብቅ የሰነበተችው ልጅ የአባቷን እዚያው መስማቷ ነበር።

«ባባ...? ማማ፣ ለእኔስ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

ሙደሲር ልጁን ስቦ በመካከላቸው አስቀመጣት። «ይቺን እንዲህ አታድርጊያት፣ ሰሊ» አለ። «የእኔ ጊዜ ሲደርስ ሲነጋ፣ ሲመሽ አትበይ። ወዲያው ንገሪያት። ቃልሽን ስጪኝ።» ሰሊማ ቃሏን ሰጠች።

ከዚያ ሦስቱም ወደ ውሃው ወረዱና በባሕሩ ውዱእ አደረጉ። ያ ዳር የሌለው ውሃ በመዳፋቸው ተቀድቶ በፊታቸው ላይ ሲወርድ እንባቸውም ጨው፣ እሱም ጨው ነበር። ቂብላው በስተሰሜን ነው፤ የእማ መቃብርም ከዚያው ወገን ነው። እርጥቡ አሸዋ ላይ ቆመው ለሟቿ ሰገዱ፣ ዱዓም አደረጉ። ከጀርባቸው ማዕበሉ እየመጣ ተረከዛቸውን ይነካል፣ ይመለሳል። ሰሊማ በሕይወቷ እንደዚያች ሰዓት ትንሽ ሆና አታውቅም፤ ያ ሁሉ ስፋት ግን አላስፈራትም። ይህን ያህል ባሕር የያዘ ጌታ እናቷን መያዝ ያቅተዋል?

ከመርከቡ ከተመለሱ በሰባተኛው ሳምንት፣ በጠራራ ቀን፣ ሙደሲር የሆስፒታል አልጋ ላይ ዐረፈ። ሐጂ ዩሱፍ በሩ ላይ ቆመው እንባቸውን ጠረጉና «ልጅቷ ሥራ ላይ ናት፤ እንዳትነግሯት። ነገ ማለዳ ተሰብስበን...» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሐጂ» አለች ሰሊማ። «ቃል አለብኝ።» ስልኳን አነሣች። «ሙርሺዳ፣ ልጄ፣ አባትሽ አሁን ሄደ። ነዪ።»

ዕድል ከማን ምን እንደምትወስድ ማን ጠይቋት ያውቃል? ሰው የሚወደውን ከሐዘን መሰወር የሚችል ይመስለዋል፤ ሐዘኑ ግን መንገዱን አይስትም፤ የሚዘገየው መሰነባበቱ ብቻ ነው። ሰሊማ የእናቷን እጅ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳትነካ ቀረች። ሙርሺዳ ግን ነጭ የፋርማሲ ጋዋኗን ሳታወልቅ እየሮጠች ገብታ የአባቷን እጅ ስትይዘው እጁ ገና አልቀዘቀዘም ነበር።