ትርሲትና የታክሲው መልስ

ትርሲት አንድ ቆርቆሮ አላት። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ነው፤ ወተቱ ግን ካለቀ ቆይቷል።

አሁን ውስጡ ያለው ሳንቲም ነው። ስትነቀንቀው ይጮኻል። ቅጭል! ቅጭል!

በእነትርሲት ቤት አንድ ደንብ አለ። አባባ ታክሲ ተሳፍሮ ሳንቲም ከተረፈው፣ የተረፈው የትርሲት ነው።

ዛሬ ትርሲትና አባባ አክስቷን ጠይቀው እየተመለሱ ነው። ታክሲው ጢም ብሎ ሞልቷል። ውጭ ዝናብ ይዘንባል።

«ሰው ሲበዛ ምን እናደርጋለን?» አለ አባባ።

«ጃኬት እንይዛለን!»

«እንዴት አድርገን?»

«ጥብቅ!» አለች ትርሲት። የአባባን ጃኬት ጫፍ ያዘች። ጥብቅ!

ከኋላቸው አንድ ትልቅ ሰውዬ ተቀምጧል። ካፖርቱ ጥቁር ነው። ጢሙም ጥቁር ነው።

ሲያስል ወንበሩ ይንቀጠቀጣል። እህህ! እህህ!

ትርሲት ዞር ብላ አየችው። ቶሎ ብላ ፊቷን መለሰች።

ታክሲው ገበያው ጋ ደረሰና ቆመ። ረዳቱ በሩን ከፈተ። ሿ!

«መልሳችንስ?» አለ አባባ።

ረዳቱ ኪሱን ዳበሰ። «ፋዘር፣ ዝርዝር ጨርሻለሁ!» አንድ ብር መዞ ለባለካፖርቱ ሰጠ። «ይቺ የሁለታችሁ ናት። ተካፈሉ!»

ታክሲ ላይ እንዲህ ይደረጋል። ረዳቱ ዝርዝር ሲያጣ፣ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎችን በአንድ ብር ያገናኛል። ሰዎቹ አብረው ይወርዳሉ፤ ብሩን ዘርዝረው ይካፈላሉ።

ባለካፖርቱ ሰውዬ ብሩን ጨብጦ ወረደ። አባባና ትርሲትም ተከትለውት ወረዱ። እርምጃው ረጅም ነው። ጥቁሩ ካፖርት ሰው መሃል ገባ።

«አባባ! ሳንቲሜ!» አለች ትርሲት። «ሳንቲሜን ይዞት ሄደ!»

በጣቷ ልታሳየው እጇን አነሳች። ያኔ ጃኬቱን ለቀቀች።

ለቅጽበት ብቻ ነው የለቀቀችው። ወዲያው መልሳ ያዘች። ጥብቅ!

ቀና ብላ አየች። ጃኬቱ የአባባ አይደለም!

የማታውቀው ሰው ጃኬት ነው። ሰውየው አላያትም። ወደ ታክሲ ሮጠ፤ ጃኬቱም ከእጇ ሾልኮ ሄደ።

የትርሲት ልብ መታ። ድው! ድው! ድው!

ጉልበት አየች። ጫማ አየች። እርጥብ ጃንጥላ አየች። አባባን ግን አላየችም።

«አባባ!» ብላ ጮኸች።

አንድ ሽማግሌ ዞሩ። አንድ ወታደር ዞረ። ዳቦ የያዘ ሰው ዞረ። ሁሉም የሆነ ልጅ አባት ናቸው፤ የትርሲት አባባ ግን ከእነሱ መሃል የለም።

«ና! ና! ወደ ኋላ ና!» አለ አንድ ረዳት። አንድ ታክሲ በኋላው መጣ። ጢጥ! ጢጥ! ትርሲት ሮጣ ግድግዳው ሥር ተጠጋች።

ድው! ድው! ድው!

ከዚያ ሌላ ድምፅ ሰማች። የምታውቀው ድምፅ ነው። ቅጭል! ቅጭል!

ላስቲክ ከተወጠረበት ሥር አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ሣጥን አለ፤ ሣጥኑ ላይ ሳንቲም ተደርድሯል።

«ዝርዝር! ዝርዝር!» ትላለች። ረዳቶች ብር ይሰጧታል፤ እሷ ሳንቲም ትሰጣቸዋለች። ለራሷም ጥቂት ታስቀራለች። ሥራዋ ነው።

«አንቺ ሚጣ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

ትርሲት አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣም።

«ጠፋሽ እንዴ? በይ ነይ፣ ከጎኔ ቁሚ። ከዚህ ንቅንቅ እንዳትዪ።»

ትርሲት ንቅንቅ አላለችም። ዝናቡ ባሰበት። ሰማዩ ጠቆረ። አባባ ጭራሽ ባያገኘኝስ? አለች በልቧ።

እህህ! እህህ!

ጥቁሩ ካፖርት መጣ! ትልቁ ሰውዬ ነው። አባባ አብሮት የለም።

«እናት፣ ይቺን ዘርዝሪልኝ» አለና ብሩን ዘረጋ። ከዚያ ትርሲትን አያት።

«አንቺ! አባትሽ ከኋላዬ ነበር፤ የት ሄደ?» ትልቁን እጁን ሰደደላት። «ነይ፣ እንፈልገው።»

ትርሲት የሴትዮዋን ሻርፕ ያዘች። ጥብቅ!

«አልሄድም!» አለች። አሁን ድምፅ ወጣ።

«ሰማህ አይደል ጌታው?» አለች ሴትዮዋ። «አትሄድም።»

ሰውዬው እጁን ሰበሰበ። አልተቆጣም። «ደግ አደረገች» አለ። «የእኔም ልጅ ብትሆን፣ እንዲህ ብትል ነው የምወደው። እዚሁ ቆሜ እጠራዋለሁ። የአባትሽ ስም ማነው?»

«አባባ።»

«አባባ ብዬ ብጣራ ገበያው በሙሉ ይመጣል! ሰው ምን ብሎ ነው የሚጠራው?»

ትርሲት ስሙን ታውቀዋለች። ግን አባባን በስሙ ጠርታው አታውቅም። አባት በስሙ አይጠራም።

«ዛሬ ይፈቀዳል» አለች ሴትዮዋ። ጆሮዋን አስጠጋች።

ትርሲት ሹክ አለቻት። «ደምሰው።» ቀጥላም፣ «እኔ ትርሲት ነኝ» አለች።

ሰውዬው ደረቱን ነፋ። «ደምሰው! የትርሲት አባት! ደምሰውውው!»

ድምፁ ያስፈራል። ሣጥኑ ላይ ያለው ሳንቲም ተንቀጠቀጠ። ቅጭል! ቅጭል!

ማንም አልመጣም።

አንድ ረዳት ሰማና ተቀበለ። «ደምሰው! ደምሰው! ደምሰው!» ሰፈር የሚጠራ ይመስላል። ሌላውም ቀጠለ። «ደምሰው! ደምሰው! አንድ ሰው የቀረው!»

ገበያው ሁሉ ደምሰው፣ ደምሰው አለ።

ያኔ አንድ ሰው በዝናቡ መሃል ሮጦ መጣ። በስብሷል። አንድ እግሩ ላይ ጫማ የለም።

አባባ!

አባባ ትርሲትን አቀፋት። ትርሲት ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች። የአባባም ልብ ይመታል። ድው! ድው! ድው!

«አባባ፣ በስምህ ጠራሁህ» አለች እያለቀሰች።

«እንኳን ጠራሽኝ» አለ አባባ።

ሴትዮዋ ብሩን ዘረዘረች። አንድ ለአባባ፣ አንድ ለሰውዬው። አንድ ለአባባ፣ አንድ ለሰውዬው። በመጨረሻ አንዲት ሳንቲም ተረፈች።

«ይቺ ለሁለት አትከፈልም» አለ ሰውዬው። ለትርሲት ሰጣት። ሲስቅ ከፊት አንድ ጥርስ እንደሌለው ታየ።

ትርሲት ሳንቲሟን ለሴትዮዋ ዘረጋች። «ለእርስዎ።»

«ለእኔ?» ሴትዮዋ ሣጥኗን አየችና ሳቀች። «እኔ ያጣሁት ሳንቲም ነው እንዴ? ያዣት፣ የኔ ልጅ።»

ቤት ሲደርሱ ትርሲት ሳንቲሟን ቆርቆሮው ውስጥ ጣለቻት። ቅጭል!

አባባ እርጥቡን ጃኬት ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ ሰቀለው።

«አባባ፣ አሁንም እፈራለሁ» አለች ትርሲት።

«እኔም ትንሽ እፈራለሁ» አለ አባባ። አልጋዋ ላይ ተቀመጠ። «ስንፈራስ ምን እናደርጋለን?»

ትርሲት እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች። የጃኬቱን ጫፍ ያዘች።

አባባም የትርሲትን እጅጌ ያዘ።

«እንዴት አድርገን?» አለ አባባ በሹክሹክታ።

«ጥ... ብ... ቅ» አለች ትርሲት። እንቅልፍም ወሰዳት።