የቀላው እርሾ

ሳህኑ ቀልቷል።

ኦኖዴራ መነጽሯን አውልቃ ጠርጋ መልሳ አደረገች። ሳህኑ እንደቀላ ነው።

በዚህ ቤተ ሙከራ ሠላሳ አንድ ዓመት ለእርሾ ምግብ ቀቅላለች፣ ብልቃጥ አጥባለች፣ የተማሩ ሰዎች ለሚያወሩት የማይረባ ነገር ሁሉ «እሺ» ብላለች። እርሾ በሚራባበት በዚህ ሳህን ላይ የተጻፈው የኢዛዋ ስም ነው። የኢዛዋ እርሾ ደግሞ ወር ቢቀመጥም ነጭ ነው።

ሚሆ ኢዛዋ የዶክትሬት ተማሪ ናት። እርሾ ሲራብ የገዛ አካሉን እየቆረሰ በልቶ ይሰነብታል፤ ሲጠግብ ይተዋል። ስድስት ዓመት ለፍታ «በቃህ፣ ተው» የሚለውን ዘረ መል፣ ጂኑን፣ አገኘች። ያ ጂን የወጣለት እርሾ ጠግቦም ራሱን ይበላል።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ካኪኑማ ሙከራው ይደገም አሉ። ከማቀዝቀዣው የወጣው እርሾ ግን ሲጠግብ ራሱን መብላት ተወ። ሳህኖቹ እንደ ደንቡ በሦስተኛው ቀን ተጣሉ። «ከራሷ ፈጥራ ነው የጻፈችው» ተባለ። ሰኞ ጉባኤ ተቀምጦ ያባርራታል፤ ከዚያ በኋላ በአገሩ ብልቃጥ እንኳ የሚያስነካት የለም።

ሙታን ቤታቸውን ይጎበኛሉ በሚባልበት በኦቦን በዓል ሁሉም ወደ ትውልድ ቤቱ ሲሄድ፣ ኢዛዋ የአባቷን ዓይን ለማየት አፍራ እዚሁ ቀረች። ማቀዝቀዣ ካለው ቱቦዋ ጥቂት እርሾ ሳህን ላይ ጫር ጫር አድርጋ ተወችው። የሚጥለው ሰው ስላልነበረ አሥር ቀን ከረመ።

«ኢዛዋ ሳን፣» አለች ኦኖዴራ በአገሩ አክብሮት፣ «ነይ እስኪ። ይሄ ያንቺ ነው?»

«ጽሑፉ የኔ ነው።»

«እርሾውስ?»

ልጅቷ ሳህኑን ወደ መስኮቱ አነሳች።

«የኔማ አይቀላም። ይሄ ሌላ ጂን የጎደለው ነው፣ ሲሰነብት የሚቀላው ዘር። ኦኖዴራ ሳን... ቱቦዬ ውስጥ የሰው እርሾ አለ።»

«አለ? እግር አውጥቶ ገባ? ለወጡብሽ በይ እንጂ!»

በቀይ ዘር የሠሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ናጋሴ፣ በመጋቢት ወደ ተቀናቃኝ ቤተ ሙከራ የሄደው፤ ሐምሌ ላይ ጣፋጭ ይዞ ብቅ ብሎ ነበር። ሌላው ረዳት ፕሮፌሰር ሴጋዋ ነው፣ የካኪኑማ ዓይን ብሌን። ኦኖዴራ ለናጋሴ ደወለች።

«ሐምሌ ላይ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ጣፋጭ ላመጣላችሁ ነዋ! የኖርኩበት ቤት አይደል?»

«ቀይ እርሾህስ?»

«ስለቅ አንድ ሳይቀር ያስገደሉኝ እርስዎ! ቆመው አስቆጠሩኝ እኮ!»

እውነቱን ነው። አስቆጥራዋለች።

የማቀዝቀዣውን መዝገብ አወረደች። እዚህ ቤት ቱቦ ያወጣ ሰው በፊርማ ፈንታ የስሙን ማኅተም ይመታል፤ ደንቡን ያወጣችው እሷ ናት። ሐምሌ ሁለት፣ ቀይ ዘር፣ አንድ ቱቦ። ከጎኑ ማኅተም አለ፤ ሴጋዋ። ቀጥ ብሎ፣ መሃል ላይ፣ ተጠንቅቆ የተመታ።

ኦኖዴራ ብቻዋን ሳቀች። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይላሉ። ይሄ ጉድ ደግሞ ሊሰርቅ ገብቶ እንኳ ማኅተሙን ሳይመታ መውጣት አልሆነለትም።

ከዚያ የሩዝ ብስኩት ቆርቆሮዋን ከፈተች። ወደ ማቀዝቀዣው ከሚገባ እርሾ ሁሉ ጥቂት በወረቀት ላይ አድርቃ ታስቀምጣለች። ሴጋዋ «የባልቴት ሥራ» እያለ ሲስቅበት ኖሯል። የኢዛዋን ወረቀት መዘዘችና ምግብ ውስጥ ነከረችው።

ሰኞ ጉባኤው ኢዛዋን አቅርቦ ሲቀመጥ ኦኖዴራ ሻይ አስገባች። አልወጣችም።

«ሴጋዋ ሰንሴ፣» አለች እንደ መምህር አክብራ፣ «ሐምሌ ሁለት ቀይ ዘር አውጥተው ነበር?»

«እኔ? ከሚያዝያ ወዲህ ነክቼውም አላውቅ። ይልቅ ሻይዎን ይቅዱ።»

መዝገቡን ፊቱ ዘረጋችው። ከጎኑ የቀላውን ሳህን አስቀመጠች።

«ታዲያ ማኅተምዎ ብቻውን ነው የመጣው?»

ሴጋዋ ማኅተሙን አየ። ሳህኑን አየ።

«ቱቦዋን አራግፈው የራስዎን ሞሉበት። አይደለም?»

«ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያ ጂን ምንም አይሠራም ብዬ ጽፌያለሁ» አለ ሴጋዋ። «እድገቴን ያገኘሁት በዚያ ነው። የሷ እውነት ከሆነ የኔ ጽሑፍ የዕቃ መጠቅለያ ነው።»

ካኪኑማ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህን ነገር እንግዲህ... በመካከላችን፣ በጸጥታ...»

ኦኖዴራ ያልታጠበ ብልቃጥ እንደምታይ አየቻቸው። «ልጅቷን ሲከሱስ በጸጥታ ነበር?»

ከሻዩ ጋር ያስገባችውን ማይክሮስኮፕ ገፋችላቸው። ከኢዛዋ ወረቀት የተነሳው እርሾ በምግብ ተከቦ ራሱን እየበላ ነው። ካኪኑማ አጎንብሰው ረጅም ጊዜ አዩ። ቀና ሲሉ ለኢዛዋ እጅ ነሱ፤ ብዙም ዝቅ አላሉም። እሷ ግን አላየቻቸውም፤ ለአባቷ ልትደውል ወደ በሩ እየሮጠች ነበር።

ኦኖዴራ ወደ ሴጋዋ ዞረች።

«ይሄ እርሾ እንኳ ጠግቦ ሲበላ የሚበላው ራሱን ነው። አንተ ጠግበህ ሰው ትበላለህ።»

የሠራውን በሦስት መስመር ጽፋ አምጥታለች። ወረቀቱን ፊቱ አደረገችው። ሴጋዋ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። ማኅተሙን አወጣ፤ ቀጥ አድርጎ፣ መሃል ላይ፣ ተጠንቅቆ መታው።