ክር ያልገባበት ጫማ

«እዚህስ?» አለች ጫማ ለኪዋ፣ የፌንጣን የእግር አውራ ጣት ከሥሩ ይዛ እየተጫነች።

«ምንም።»

«እዚህስ?»

«ምንም አይለኝም፣ እትዬ።»

እውነቷን ነበር፤ በእርግጥም ምንም አልተሰማትም። ውሸቱ የተሠራው ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ ከሱቁ ማዶ ባለ ካፌ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ነው። አባቷን «መጣሁ» ብላ ትታው ገባች፣ በሩን ቆለፈች፣ የሚያደነዝዝ ቅባት ጣቶቿ ላይ ቀባች፣ የሕመም ማስታገሻ ክኒን በቧንቧ ውሃ ዋጠች፣ ከዚያም ካልሲዋን አጥልቃ ምንም እንዳልተፈጠረ ወጣች።

የአውራ ጣቷ አንጓ ካበጠ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ከአንዲት ጓደኛዋ በቀር ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ጫማ ለኪዋ ልጆቹ ሁሉ የሚፈሯት አንዲት ቃል አለቻት፤ «ገና ነው» ትላለች። እግሩ ያልጠና ወይም የታመመ ልጅ ሲመጣባት የጫማውን ካርቶን ትከድንና «ገና ነው» ብላ ታሰናብተዋለች። ያ ልጅ እንግዲህ በጣት ጫፍ መቆምን ለከርሞ ያቆየዋል። የባሌት መምህርቷ ደግሞ ለዓመቱ ትርኢት አራት ልጆች መርጣለች፤ ሰኞ በጣት ጫፍ የሚቆሙበትን የጣት ጫማ ይዞ ያልመጣ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። ፌንጣ አራተኛዋ ናት። ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ፣ ስትዘል አይተው ይህን ስም ካወጡላት ቀን አንስቶ፣ የጠበቀችው ይህንኑ ነበር።

ጫማ ለኪዋ አንዱን ጫማ አንስታ አፍንጫውን በጣቷ አንኳኳች። የጣት ጫማ ከላይ ሲያዩት ሐር ነው፤ ከውስጥ ግን በሙጫ የደረቀ ጨርቅ ነው፤ እንደ እንጨት ይጮኻል።

«ስሚኝ፣ ልጄ» አለች። «እኔ የማየው ከውጭ ነው። ተረከዝሽ ላይ የተረፈውን ጨርቅ እቆነጥጣለሁ፣ ስትቆሚ ጎንሽን አያለሁ። ውስጡ ግን ለእኔ ጨለማ ነው። ጣቶችሽ ተኝተው ይሁን ታጥፈው የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማሽም?»

«ተኝተዋል» አለች ፌንጣ።

ተኝተው ይሁን ተጣጥፈው ግን እሷም አታውቅም። ያላጠናችው ጥያቄ ፈተና ላይ እንደመጣባት በግምት ነበር የመለሰችው።

ስድስት ጫማ ሞከረች። ሦስተኛው አፍንጫው ሰፋ ያለ ነበር፤ ጫማ ለኪዋ እሱን ወዳዋለች። ስድስተኛው ግን ጠበብ ብሎ እግሯን ያስረዝማል፤ መስተዋቱ ውስጥ ስታየው ልቧ ዘለለ።

«ይሄ ነው።»

«አይጨብጥሽም?»

«ኧረ በፍጹም!»

ጫማ ለኪዋ ፊቷን አየቻት። በሩ አጠገብ፣ የአውቶቡስ ሹፌር ዩኒፎርሙን እንደለበሰ የቆመው አባቷ ነጫጩን ዕቃ እንዳያቆሽሽ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነበር። ጫማውን ሲያቀብሉት በጥንቃቄ ያዘና አንኳኳው።

«እትዬ፣ ይሄንንማ ጎማ ስቀይር አስደግፍበት ነበር!»

ጫማ ለኪዋ ሳትወድ ሳቀች። «ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ብቻ ትሞክረው» አለችው። «ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰረው ሪባን እስካልተሰፋበት ድረስ እቀይርላታለሁ። መርፌ ከነካው ግን አልቀበለውም።»

ከሰዓት በኋላ መኝታ ቤቷ ውስጥ ሆና ጫማውን ስታጠልቅ ቅባቱም ክኒኑም ለቋት ነበር። የአልጋውን ራስጌ ይዛ በጣቶቿ ጫፍ ተነሳች። ሕመሙ ከአንጓዋ ተነስቶ እስከ ጉልበቷ ዘለቀ፤ እንዳትጮህ ከንፈሯን ነከሰች። አራቱ ትንንሽ ጣቶቿ በጠባብ ወንበር ላይ እንደተጨናነቁ ተሳፋሪዎች አንዱ በአንዱ ላይ ወጥቷል። ጫማውን አወለቀችና እግሯን አቅፋ ተቀመጠች። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

«ክሩን እየፈለግኩ ነው!» አለ አባቷ ከሳሎን። የቡድኑ ልጆች ሪባናቸውን የሚሰፉት ራሳቸው ናቸው፤ እሱ ግን «የመጀመሪያውን እኔ ካልሰፋሁ» ብሎ ድርቅ ብሏል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከስምሪት ኃላፊው እስከ ጥበቃው ድረስ «ልጄ በጣቷ ጫፍ ልትቆም ነው» ያላለው ሰው የለም።

ያኔ ላባ መጣች። ላባ ከአራቱ አንዷና የፌንጣ የልብ ጓደኛ ናት፤ ሪባኑ የት ቦታ እንደሚሰፋ ልታሳያቸው ነበር የመጣችው። ቅባቱም የእሷ ነው፤ አክስቷ ከምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ በድብቅ ታመጣዋለች።

«አመመኝ» አለቻት ፌንጣ በሹክሹክታ።

«አታካብጂ ባክሽ! ሰኞም ትቀቢያለሽ፣ አለቀ። እኔ ከወር በላይ ሆነኝ፤ እንዴት እንደምጨፍር አላየሽም?»

ላባ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ካልሲዋን አወለቀች፤ ማታ ልምምድ ስላላት እንደገና ልትቀባ ነው። ፌንጣ አየችና ደነገጠች። የላባ አውራ ጣት ጥፍር የለውም። ትንሿ ጣቷ ጠቁራ፣ ከመሃሏ ወደ ጎን ተቀልብሳለች፤ አጥንቷ በቦታው እንዳልሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም።

«ላባ! ይሄ እኮ ተሰብሯል!»

«እ?» ላባ እንደ ሌላ ሰው እግር አየችው። «ትንሽ ጠመም ብሏል መሰለኝ።»

«መቼ ነው እንዲህ የሆነው?»

«እኔ እንጃ። አልተሰማኝማ!» ብላ ሳቀች። «ፈታ በይ እንጂ አንቺ ደግሞ። ብቻ እንዳትለፈልፊ፤ አክስቴ ከሥራ ትባረራለች።»

ፌንጣ ግን መሳቅ አልቻለችም። «እኔ እንጃ» የሚለው ነገር ነበር ያስፈራት። አንድ ሰው አጥንቱ መቼ እንደተሰበረ እንዴት አያውቅም?

«ክሩ ገባ!» ሲል ተጣራ አባቷ። «ጫማውን አምጪው!»

ጫማውን ይዛ በባዶ እግሯ ወጣች። አባቷ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ፣ መርፌውን በሁለት ወፋፍራም ጣቶቹ ይዞ ይጠብቃታል። ደስ ብሎታል፤ እንዲህ ደስ ብሎት ያየችው መቼ እንደሆነ አታስታውስም። ዝም ብላ ብትሰጠው ሁሉም ነገር ይቀጥላል። ሰኞም ከፊት ትቆማለች።

«አባዬ፣ አትስፋው።»

«ምነው? ቀለሙ አልገጠመም?»

ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠችና እግሯን ጉልበቱ ላይ አሳረፈች። አንጓው ቀልቶ እንደ ለውዝ ፍሬ ጉብ ብሏል።

«ሦስት ሳምንት ሆነው» አለች። «ሱቅ ውስጥ ያልተሰማኝ አደንዝዤው ስለገባሁ ነው። ለእትዬም ዋሸኋት፤ ላንተም።»

አባቷ በጣቱ ጫፍ ነካ ሲያደርገው እግሯን ሰብሰብ አድርጋ ጮኸች። እጁን ቶሎ አነሳ።

«ሰኞስ?» አለ።

«ለመምህርት ራሴ እነግራታለሁ። ቦታዬን ለሌላ ልጅ ትስጠው።»

አራት ዓመት ነው የጠበቀችው፤ ሰኞ የሌላ ሰው ይሆናል። አለቀሰች፤ ማንም አይስማኝ ሳትል አለቀሰች። አባቷ ክሩን ከመርፌው አውጥቶ ማጠንጠኛው ላይ ቀስ ብሎ መለሰው።

«እኔም እኮ እዚያው ቆሜ ነበር» አለ። «ቆሜ ስቀልድ ነበር።»

ላባ ቅባቱን ተቀብታ በባዶ እግሯ ከመኝታ ቤቱ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች። «ጋሼ፣ እኔ ልሂድ፤ ልምምድ አለኝ» አለችና ፌንጣን ገላመጠቻት፤ የእኔን ስም እንዳታነሺ ማለቷ ነው። ከዚያ በሩ ጥግ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ማድረግ ጀመረች። ትንሿ ጣቷ ከጫማው ጠርዝ ሥር ታጥፋ ቀረች። ላባ እግሯን ወደ ውስጥ ገፋችው። ጣቷ የበለጠ ታጠፈች። ላባ ግን ምንም አልመሰላት፤ ፊቷ ላይ አንዲት ነገር አልተንቀሳቀሰችም።

ፌንጣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከዚህ በኋላ ላባ እንደማታናግራት ታውቃለች፤ ምናልባትም ለዘላለሙ።

«አባዬ» አለች፣ «የላባንም እግር እየው።»

ላባ አንዱን ጫማ እንዳጠለቀች፣ ሌላውን በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። «ፌንጣ!» አለች በቀጭን ድምፅ። ፌንጣ አልመለሰችላትም። እያነከሰች ተነሳችና ወንበሩን ለቀቀችላት።