አምባሩ ያልቆጠረው

ዳሎል ላይ በተሠራችው የመስታወት ከተማ ልጆች ምሳ ሲበሉ «ጨርስ» ወይም «ይበቃሃል» የሚላቸው ሰው የለም። ይህን የሚነግራቸው ክንዳቸው ላይ ያለው አምባር ነው፤ ስሙም «ልከኛ» ይባላል። እጃቸው ወደ አፋቸው በተመላለሰ ቁጥር የሚበሉትን ይመዝናል፣ ልክ ሲሞላ የጥጋብ ስሜት ወደ አንጎላቸው ይልካል። ልጁም ሳህኑን ገፋ አድርጎ ይነሳል። የውጪው ሐሩር እንደ ልብ ሮጦ መጫወትን ስለከለከለ፣ ወላጆች ልጆቻቸውን ከውፍረት ለመጠበቅ ተስፋ የጣሉት በዚሁ አምባር ላይ ነበር።

የፈጠረችው ኢንጂነር ትርንጎ ናት። ጉዱ ታዲያ የከተማው ልጆች አምባሩን አስረውም መወፈራቸው ነው። ከሁሉም የባሰባት ደግሞ የራሷ ልጅ፣ የስምንት ዓመቷ እምነት ሆነች። ሐኪሙ «ጉበቷ ስብ መቋጠር ጀምሯል» ሲላት፣ ትርንጎ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

አምባሩ ቢፈተሽ እንከን ታጣበት። እንግዲህ ጥፋቱ የልጅቷ መሆን አለበት አለች።

«ሰርቀሽ ትበያለሽ አይደል?» ብላ ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ባልደረቦቿ ፊት አፋጠጠቻት። ቦርሳዋንም ገልብጣ አራገፈችው። ከሹራብና ከቀለም እርሳስ በቀር የወደቀ ነገር አልነበረም።

«አልሰረቅኩም፣ እማዬ» አለች እምነት አንገቷን ደፍታ።

አብሯት የሚሠራው ቢራራ አላስችል አለው። «ኧረ ተይ ትርንጎ! እዚሁ ትብላና እንያት።»

ምስር ወጥ በእንጀራ ቀረበ። እምነት ጥቂት እንደበላች አምባሩ ልክ መሙላቱን ሊያሳይ አረንጓዴ በራ፤ እጇን ሰበሰበች።

ትርንጎ ልጇን ሰው ፊት ማዋረዷ አንጀቷን በላው። ልትክሳት ፈለገች። ከእንጀራው ቆርሳ ጠቀለለችና «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ!» አለቻት። እምነት ጎረሰች።

«አንድማ ያጣላል፤ ድገሚ!»

ደገመች።

«ይቺ ደግሞ ለአባትሽ!»

ቢራራ የአምባሩ ቆጠራ በሚታይበት ስክሪን ላይ አፍጥጦ ቀረ። «ትርንጎ» አለ ቀስ ብሎ፣ «አምባሩ አንዱንም ጉርሻ አልቆጠረም። የሚያየው የልጅቷን እጅ ብቻ ነው።»

አራተኛው ጉርሻ እጇ ላይ እንዳለ ትርንጎ ደርቃ ቀረች። በጉርሻ አድጋ፣ በጉርሻ ተድራ፣ አምባሩን ስትሠራ የሌላ ሰው እጅ ትዝ አላላትም ነበር። ደግሞም ከሥራ አምሽታ በገባች ቁጥር ናፍቆቷን የምትወጣው እንዲህ በማጉረስ ነው። በየቤቱም አያቱ፣ አክስቱ፣ ጎረቤቱ «ልጅ ሲወፍር ያምራል» እያለ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሌባ ያለቻት ልጅ አጠገቧ ቆማ ታኝካለች። ትርንጎ ፊቷ በእፍረት ነደደ።

«ከጠገብሽ ታዲያ ለምን ትጎርሻለሽ?» አለቻት በተሰበረ ድምፅ።

«እምቢ ስልሽ ታዝኛለሻ።»

«ግድ የለም፣ ይስተካከላል» አለ ቢራራ ዓይኑን ከእሷ እያሸሸ። «የሌላ ሰው እጅም እንዲቆጥር እናደርገዋለን።»

ትርንጎ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መልሳ ልጇ ፊት ተንበረከከች።

«ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት። አሁን እውነቱን ንገሪኝ፤ ጠግበሻል?»

እምነት መልስ ከመስጠቷ በፊት ቀና ብላ የእናቷን ፊት አየች።