የማማ የይለፍ ቃል

«አንዷን ብቻ ልተዋት፤ ምን አለበት?» አለች አናሂ፣ ጣቷ የክለቡን አባላት የይለፍ ቃላት ሁሉ ወደማይነበብ ምስጢር ከሚቀይረው የኮምፒውተር ቁልፍ በላይ ተንጠልጥሎ።

«አንቺ ልጅ፣ አታድርቂኝ!» መምህርቷ ፕሮፌ ኢልዳ ከማቴ ሻያቸው ቀና አሉ። «የጎረቤቱ ክለብ የይለፍ ቃል እንዳለ ሲዘረፍ አላየሽም? አንዷን መተው በሩን ገርበብ አድርጎ መተኛት ነው።»

የሞንቴቪዴዮው የሰፈር ክለብ የመረጃ ቋት የአናሂ ወንድም የናዌል ሥራ ነበር። ናዌል የአባላቱን ቃላት ሠንጠረዡ ውስጥ ልክ እንደተጻፉ በግልጽ አስቀምጧቸዋል፤ ስህተት ቢሆንም ከቸርነት የመነጨ ስህተት። የሰፈሩ ሰው ቴርሞሱን በብብቱ ወትፎ «ናዌል፣ ቃሌ ምን ነበር?» እያለ ሲመጣ፣ እያሾፈ ያነብለት ነበር። ባለፈው ክረምት በሞተር ብስክሌት አደጋ ከሞተ ወዲህ አንባቢዋ አናሂ ሆነች። በየሐሙሱ ሳታሰልስ የምትጠይቃት ደግሞ የገዛ እናታቸው ናት።

የእናትየውን ቃል ያወጣላት ናዌል ራሱ ነው፦ «ዝናብመጣሊጥአቡኪ»። ሰማዩ ማካፋት ሲጀምር ገና ከደጅ ሆኖ የሚጮኸው ይህንኑ ነበር፤ እሷም እየሳቀች ቶርታ ፍሪታ የተባለውን የዝናብ ቀን ቂጣዋን ለመጥበስ እጅጌዋን ትሰበስባለች። ከቀብሩ ወዲህ መጥበሻው ከተሰቀለበት አልወረደም።

እናቷ ቃሉን እንዳልረሳችው አናሂ ታውቃለች። የምትሻው መስማት ነው፤ ልጇ በጣቱ ከጻፈበት ቦታ ተነብቦ ሲወጣ መስማት።

«አንዴ ከተቀየረ መመለስ የለም፣ አይደል?»

«እኔም፣ አንቺም፣ ሌባም አናነበውም። ማሽኑ ትክክል መሆኑን ይለያል እንጂ ቃሉን አይናገርም።» የፕሮፌ ኢልዳ ድምፅ ለዘብ አለ። «የማንን ልትተዪ እንደፈለግሽ አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ።»

አናሂ ቁልፉን ተጫነች። ናዌል የጻፈው ሁሉ ከላይ እስከ ታች ትርጉም አልባ የፊደልና የቁጥር ክምር ሆነ። አሮጌውን ቅጂም ደመሰሰችው።

ስልኳ ጠራ።

«አናሂታ፣ ያ ቃሌ ምን ነበር? ይኸው ደግሞ ረሳሁት፤ ጭንቅላት የሚባል የለኝም» አለች እናቷ፣ እንደ ሁልጊዜው ስሟን እያቆላመጠች።

«ማማ... ከእንግዲህ ማሽኑ አይነግረንም።»

«ጠፋ?»

«አልጠፋም። ማንበብ ነው የማይቻለው።»

«እሺ» አለች እናትየው፤ የተሸነፈ ሰው ድምፅ ነበር። «እሺ፣ ይሁን።»

የክለቡ የቆርቆሮ ጣራ በመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች መንቋቋት ጀመረ። አናሂ መስኮቱን አየች። ያንን ቃል ከማንበብ በቀር በራሷ አንደበት ብላው አታውቅም፤ የእሱ ነበርና።

«ማማ» አለች። «ዝናብ መጣ። ሊጥ አቡኪ።»

ከወዲያ በኩል የታፈነ ሳግ ተሰማ። «ዱቄት እኮ የለም» አለች እናቷ።

አናሂ ማሽኑን አጥፍታ ጃኬቷን አነሳች።

«እኔ ይዤ እመጣለሁ።»