ቆጣሪው ንፋስ ሲቆጥር

«እማዬ፣ ውሃ ሳይመጣ ቆጣሪው ለምን ይዞራል?»

እናቷ ገና ሳይነጋ የሚጀምር ጥያቄ ስለለመደች እሳቱን ማያያዟን ቀጠለች። ልጅቷን ቤተሰቡም ሰፈሩም «ጥያቄ» እያለ የሚጠራት በከንቱ አይደለም። አሁንም አጥሩ ሥር ተንበርክካ የቆጣሪውን መስታወት በቀሚሷ ጫፍ ትወለውላለች። የተከፈተው ቧንቧ ፍስስስ ይላል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለም። መስታወቱ ውስጥ ግን ኮከብ የመሰለችው ትንሽ ቀይ ነገር እንደ ጉድ ትሽከረከራለች።

ውሃ የሚለቀቀው በፈረቃ ነው። ሰዉ ታዲያ እንዳያመልጠው ቧንቧውን ከፍቶ፣ ባልዲ ደቅኖ ይተኛል። ያለፈው ወር ቢል ሲመጣ አባቷ ወረቀቱን አገላብጦ፣ እንዲህ ከሆነማ ቆጣሪው ይነቀልልንና ወደ ምንጩ እንመለሳለን ብሎ ነበር። ምንጩ ያለው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው። ጀሪካን ተሸክሞ ዳገቱን ማን እንደሚወጣ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም ማንን ጥሎ እንደሚጀመር መቼም አይጠፋችሁም።

በሚቀጥለው ፈረቃ ጥያቄ ቧንቧውን ዘግታ ጠበቀች። ቀይዋ ኮከብ ንቅንቅ አላለችም። ከአጥሩ ማዶ የጓደኛዋ የቀጮ ቤት ቧንቧ ብቻውን ሲያፏጭ ቆየ። ፉጨቱ አልቆ የእነቀጮ ባልዲ ላይ ውሃው መንቧቧት ሲጀምር የራሷን ከፈተች። ወዲያው ወረደ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እንደዚሁ አደረገች።

ወሩ ሲያልቅ ቆጣሪ አንባቢው መጣ። ቁጥሩን ደጋግሞ አየና፣ «ገላ መታጠብ ተዋችሁ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። አባቷ ደስ ብሎት ሳቀ። ጥያቄ ግን ሰውየውን እስከ በሩ ተከተለችው።

«ጋሼ፣ ቆጣሪ ንፋስም ይቆጥራል?»

«ምን ዓይን አለው የኔ ልጅ፤ የገፋውን ሁሉ ይቆጥራል።»

«እኛ ስንዘጋውስ ንፋሱ የት ይሄዳል?»

«ወደተከፈተው ነዋ» አለና ወደ እነቀጮ ቤት አለፈ።

አባቷ ቧንቧውን ዘግታ እንደምትጠብቅ ሲሰማ፣ ይቺ ነገር ከዚህ ግቢ እንዳትወጣ ብሎ አስጠነቀቃት። ሁሉም ካወቀ ማን ቀድሞ ይከፍታል አላት።

ቢሉ በመጣ ማግስት ክፍል ውስጥ ቀጮ ፊቷ ልክ አልነበረም። እናቷ ልብስ እየሰፋች ብቻዋን ነው የምታሳድጋት። የዚህ ወር ቢል ከምንጊዜውም በልጦ ስለመጣ፣ እናትየው ቆጣሪው ይነቀልልኝ ልትል ወስናለች።

«ሁለት ሰው እኮ ነን። ዝሆን ነው እንዴ ያረባነው?» አለች ቀጮ። ቀጥላም፣ «የእናንተ ግን እንዴት ቀነሰ?»

ስንቱን ስትጠይቅ የኖረች ልጅ፣ ስትጠየቅ ደብተሯን ማገላበጥ ጀመረች። «እኔ እንጃ» አለች። ቀኑን ሙሉ ከቀጮ ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም ስትሸሽ ዋለች።

የፈረቃው ቀን ሲደርስ ሰማዩ ሳይገላለጥ ተነሳች። አጥሩን አንኳኳች።

«ቀጮ፣ ቧንቧችሁን ዝጊው።»

«አብደሻል? ቢያመልጠንስ?»

«አያመልጥም፤ ሲመጣ እጠራሻለሁ። በሚቀጥለው ፈረቃ ደግሞ አንቺ ትከፍቻለሽ፣ እኔ እዘጋለሁ። ለምን እንደሆነ መንገድ ላይ እነግርሻለሁ።»

ወዲያ ማዶ ቧንቧው ሲጢጥ ብሎ ሲዘጋ ሰማች። ከዚያ የራሳቸውን ከፈተች። ፍስስስ። ቀይዋ ኮከብ መሽከርከር ጀመረች። አባቷ ፉጨቱን ሰምቶ ብርድ ልብሱን እንደተከናነበ ደጃፉ ላይ ብቅ አለ።

«ምን እያደረግሽ ነው? ለንፋስ እኮ ነው የምንከፍለው።»

«አውቃለሁ አባዬ» አለች። «ውሃው ፈረቃ ካለው፣ ንፋሱስ ለምን አይኖረውም?»

አባቷ አንዴ ቆጣሪውን፣ አንዴ አጥሩን አየ። ወደ ቤት ግን አልተመለሰም። ጥያቄ ጆሮዋን ቧንቧው ላይ ለጠፍ አድርጋ ጠበቀች። ከሩቅ፣ ከብረቱ ሆድ ውስጥ፣ ውሃው እያጉረመረመ ሲመጣ ሰማችው።

«ቀጮ» ብላ ተጣራች።